ብልጭታዋ መቼ ትምጣ? — በኢንጀክተር በሚሠራ የሞተር ቢስክሌት ሞተር ላይ ታይሚንግ ስለማስተካከል



«ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል» ይባላል። አባባሉ ስለ ሰው ዕድል የተነገረ ቢሆንም ለሞተር ብንወስደው አይሳሳትም። ሁለት ሞተር ቢስክሌቶች አንድ ዓይነት ቤንዚን፣ አንድ ዓይነት ካንዴላና አንድ ዓይነት ፒስተን ይዘው አንደኛው ዳገቱን ሲወጣ ሌላው ከመንገድ ሊቀር ይችላል። ልዩነቱ አንዳንድ ጊዜ ብልጭታዋ የምትመጣበት ሰዓት ብቻ ነው። ያውም ልዩነቱ በሰከንድ ሲለካ ከአንድ ሺኛ ያነሰ ነው።

ርእሱን የመረጥነው በጥናት ቡድናችን ውስጥ በተነሣ ክርክር ምክንያት ነው። ከመካከላችን ገሚሶቹ «ካርቡራቶር ባለው አሮጌ ሞተር ላይ ሰሌዳዋን ፈታ አድርጎ ማዞር ይቻላል፤ በአዲሶቹ ግን ሁሉን የሚያደርገው ኮምፒዩተሩ ስለሆነ ታይሚንግ የሚባል ነገር አይነካም» አሉ። የቀሩት ደግሞ «የማይነካ ነገር የለም፤ የሚነካው ሰው ይጥፋ እንጂ» ብለው መለሱ። መርምረን ስናየው ሁለቱም ወገን ግማሽ ግማሽ እውነት ይዞ ኖሯል።

ከሁሉም በላይ ያሳሰበን ግን ሌላ ነው። ነገ ተመድበን በምንሄድበት ትምህርት ቤት ሞተር ቢስክሌት አይጠፋም። ተማሪውም «ብልጭታው መቼ እንደሚመጣ ማን ይነግረዋል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ያን ጊዜ «ኮምፒዩተሩ ያውቃል» ብለን ብንመልስ ጥያቄውን መለስን አይባልም፤ በሩን ዘጋንበት እንጂ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን ለማብራራት እንሞክራለን።

1. ብልጭታዋ ለምን ትቀድማለች?

እንደሚታወቀው ባለ አራት ምት ሞተር በየተራ አራት ሥራዎችን ይሠራል፤ እነርሱም መሳብ፣ ማመቅ፣ ኃይል መስጠትና የተቃጠለውን ጋዝ ማስወጣት ናቸው። አራቱን ሥራዎች ለመፈጸም ክራንክሻፍቱ ሁለት ዙር ይዞራል። ፒስተኑ ወደ ላይ ወጥቶ ከመመለሱ በፊት ለቅጽበት የሚቆምበትን ቦታ በዚህ ጽሑፍ «የላይ ጫፍ» እንለዋለን።

ብዙዎቻችን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርነው ፒስተኑ የታመቀውን አየርና ነዳጅ ይዞ የላይ ጫፍ ሲደርስ ካንዴላው ብልጭታ ይሰጥና ድብልቁ ይፈነዳል ተብለን ነው። ይኸ ለመጀመሪያ ትምህርት ያገለግላል፤ ሙሉ እውነት ግን አይደለም። ድብልቁ እንደ ድማሚት በአንድ ጊዜ አይፈነዳም፤ ይቃጠላል። እሳቱ ከካንዴላው ጫፍ ተነሥቶ ቀስ በቀስ እየሰፋ ወደ ሲሊንደሩ ግድግዳ ይሄዳል። የደረቀ ሣር ሜዳ ላይ እሳት ከአንድ ጠርዝ ቢለኮስ ሌላው ጠርዝ እስኪደርስ ጊዜ እንደሚወስድ ሁሉ እዚህም ጊዜ ይወስዳል።

ታዲያ ብልጭታዋ ልክ በላይ ጫፍ ላይ ብትመጣ ምን ይሆናል? እሳቱ ተስፋፍቶ ግፊቱ እስኪያይል ድረስ ፒስተኑ ብዙ ወርዶ ይጠብቀዋል። ቦታው ስለሰፋ ግፊቱ ይላላል፤ ገና እየነደደ ያለው ጋዝም ጉልበቱን ሳይሰጥ በማርሚታው ይወጣል። በተቃራኒው ብልጭታዋ እጅግ ብትቀድም ፒስተኑ ገና ሲወጣ ግፊቱ ከላይ ይገጥመዋል። ሞተሩ ከገዛ ራሱ ጋር ይታገላል ማለት ነው።

በልምድም በልኬትም እንደታወቀው ከፍተኛው ግፊት ከላይ ጫፍ በኋላ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ባለው ቦታ፣ በአብዛኛው ወደ 15 ዲግሪ ገደማ ቢውል ሞተሩ ጥሩ ጉልበት ይሰጣል። እዚያ እንዲውል ብልጭታዋ ቀድማ መነሣት አለባት። ይህን መቅደም የምንለካው ክራንክሻፍቱ በሚዞረው ዲግሪ ነው። «ታይሚንጉ 20 ዲግሪ ነው» ስንል ብልጭታዋ የምትመጣው ፒስተኑ የላይ ጫፍ ሊደርስ ክራንኩ 20 ዲግሪ ሲቀረው ነው ማለታችን ነው።

2. የዲግሪና የጊዜ ሂሳብ

እዚህ ላይ እርሳስና ወረቀት ያዙ። ሞተሩ በደቂቃ 1500 ዙር ይዞራል እንበል። ለ60 ብናካፍለው በሰከንድ 25 ዙር ይሆናል። አንዱ ዙር 360 ዲግሪ ስለሆነ 25 ጊዜ 360 በሰከንድ 9000 ዲግሪ ይሰጠናል። የሰከንድን አንድ ሺኛ፣ ማለትም አንድ ሚሊ ሰከንድን ብንወስድ ክራንኩ 9 ዲግሪ ይዞራል። በዚሁ አሠራር፦

በደቂቃ 1500 ዙር — በሚሊ ሰከንድ 9 ዲግሪ፣
በደቂቃ 3000 ዙር — በሚሊ ሰከንድ 18 ዲግሪ፣
በደቂቃ 6000 ዙር — በሚሊ ሰከንድ 36 ዲግሪ፣
በደቂቃ 9000 ዙር — በሚሊ ሰከንድ 54 ዲግሪ።

አቋራጩ መንገድ ዙሩን በ6 አባዝቶ ለ1000 ማካፈል ነው።

አሁን ለምሳሌ ያህል ከብልጭታው እስከ ከፍተኛው ግፊት 2 ሚሊ ሰከንድ ያስፈልጋል ብለን እንያዝ። በ3000 ዙር ክራንኩ በዚህ ጊዜ ውስጥ 36 ዲግሪ ይዞራል። ግፊቱ ከላይ ጫፍ በኋላ 15 ዲግሪ ላይ እንዲውል ከፈለግን 36 ሲቀነስ 15፣ ብልጭታዋ 21 ዲግሪ መቅደም ይኖርባታል። በ6000 ዙርስ? ጊዜው ያው 2 ሚሊ ሰከንድ ቢሆን ኖሮ 72 ሲቀነስ 15፣ 57 ዲግሪ ይወጣ ነበር። ይህን ያህል የሚቀድም ሞተር ግን አናገኝም። ምክንያቱም ሞተሩ ሲፈጥን አየሩ በኃይል እየተሽከረከረ ይገባል፤ ሽክርክሪቱም እሳቱን ያራባዋል። የመቃጠያው ጊዜ ወደ 1.3 ሚሊ ሰከንድ ወርዷል ብንል 47 ዲግሪ ያህል ይሆናል፤ 15 ሲቀነስ 32 ዲግሪ ይቀራል። ይኸ ለእውነቱ የቀረበ ቁጥር ነው። ብዙዎቹ የሞተር ቢስክሌት ሞተሮች በሚኒሞ ከ5 እስከ 15 ዲግሪ፣ በፍጥነት ጊዜ ደግሞ ከ25 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይሠራሉ።

3. ፍጥነት ብቻ ሳይሆን ጭነትም

ሞተሩ ምን ያህል አየር እንደሞላ ማየትም ግድ ነው። ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዘን ዳገት ስንወጣ ሲሊንደሩ ጥቅጥቅ ብሎ ይሞላል። የተጠቀጠቀ ድብልቅ ቶሎ ይነዳል፤ ስለዚህ ብዙ መቅደም አያስፈልገውም። በሜዳ ላይ ትንሽ ነዳጅ ሰጥተን ቀስ ብለን ስንሄድ ግን ድብልቁ የሳሳ ስለሆነ እሳቱ ይንቀራፈፋል፤ ብልጭታዋም ይበልጥ መቅደም አለባት። ስለዚህ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ላይ እንኳ ሁለት የተለያዩ ታይሚንጎች ሊያስፈልጉ ነው። የዚህ ጽሑፍ ቁልፍ ነጥብ ይህ ነው።

4. ከምንጭና ከክብደት ወደ ሠንጠረዥ

ይህ ችግር የዛሬ አይደለም። ዘመኖቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንስጥ። በ1902 የቦሽ ፋብሪካ ባልደረባ የነበረው ጎትሎብ ሆኖልድ ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጨውን ማግኔቶ ከካንዴላ ጋር አዋሕዶ ሠራ። በኋላ የመጡት ሞተሮች በሚዞር ዘንግ ላይ ትንንሽ ክብደቶችና ምንጮች ነበሯቸው። ሞተሩ ሲፈጥን ክብደቶቹ ወደ ውጭ ይወረወሩና ብልጭታዋን ያስቀድሟታል። ዘዴው ብልህ ነበር። ነገር ግን ክብደቱ የሚያውቀው ፍጥነትን ብቻ ነው፤ ምንጩም ሲያረጅ ይላላል።

በ1979 ቦሽ ሞትሮኒክ የተባለውን፣ ነዳጁንና ብልጭታውን በአንድ ሣጥን የሚቆጣጠር መሣሪያ በቢ ኤም ደብሊው መኪና ላይ አወጣ። በሞተር ቢስክሌት በኩል ካዋሳኪ በ1980 በኢንጀክተር የሚሠራውን ዜድ 1000 ለገበያ አቀረበ። በ1983 የወጣው ቢ ኤም ደብሊው ኬ 100ም ኢንጀክተር ነበረው፤ ሆኖም የነዳጁና የብልጭታው ሣጥኖች የተለያዩ ነበሩ። ዛሬ ትንንሾቹ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተሮች ሳይቀሩ ሁለቱን ሥራ በአንድ ሣጥን ያሠራሉ።

5. ኮምፒዩተሩ ምን ያያል?

ኮምፒዩተሩ ዓይንም ጆሮም የለውም። ሴንሰሮቹ የሚልኩለትን የኤሌክትሪክ ምልክት ብቻ ነው የሚያነበው። ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

ሀ. የክራንክ ሴንሰር። ከክራንክሻፍቱ ጋር ባለ ጥርስ ዲስክ ይዞራል። ጥርሶቹ በሴንሰሩ ፊት ባለፉ ቁጥር ምልክት ይመጣል። ከጥርሶቹ አንዱ ወይም ሁለቱ ሆን ተብሎ እንዲጎድሉ ተደርጓል። ለምሳሌ ለ36 ጥርስ በተከፈለ ዲስክ ላይ በየጥርሱ መካከል 10 ዲግሪ አለ፤ ባዶው ቦታ ሲያልፍ ኮምፒዩተሩ «አሁን መቁጠር ልጀምር» ይላል።

ለ. የነዳጅ መስጫ ሴንሰር። የአየር መግቢያው መዝጊያ ምን ያህል እንደተከፈተ ይናገራል።

ሐ. የአየር ግፊት ሴንሰር። ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር ምን ያህል ጥቅጥቅ እንዳለ ያሳያል።

መ. የሙቀት ሴንሰሮች። አንዱ የሞተሩን፣ ሌላው የሚገባውን አየር ሙቀት ይለካል።

እነዚህን ካነበበ በኋላ ኮምፒዩተሩ አንድ ሠንጠረዥ ይገልጣል። ወደ ታች ፍጥነት፣ ወደ ጎን ጭነት ተጽፎበታል፤ በየሣጥኑ ውስጥ የዲግሪ ቁጥር አለ። ልክ የማባዣ ሠንጠረዥ እንደማንበብ ነው። ቁጥሩ በሁለት ሣጥኖች መካከል ከዋለ አማካዩን አስልቶ ይወስዳል። ልብ በሉ፦ ቁጥሮቹን የሞላው ሰው ነው፤ አንድ መሐንዲስ ሞተሩን በመለኪያ ላይ አሥሮ አንድ በአንድ ፈትኖ ሞልቷቸዋል። ስለዚህ «ኮምፒዩተሩ ያውቃል» ማለት «ሰው ለክቶ ጽፎለታል» ማለት ነው።

ሌላ የማይዘነጋ ነጥብ አለ። ብልጭታዋ የምትመጣው ኮምፒዩተሩ ወደ ቦቢናው ኤሌክትሪክ ሲለቅ አይደለም፤ ሲቆርጥ ነው። ቦቢናው ለመሙላት ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ይፈልጋል። ባትሪው ሲደክም የሚሞላበት ጊዜ ስለሚረዝም ኮምፒዩተሩ ቀደም ብሎ መሙላት ይጀምራል። ባትሪው ጨርሶ ከደከመ ግን ብልጭታዋ ሰዓቷን ጠብቃ ብትመጣም ጉልበት አይኖራትም። እንዲህ ያለውን ሞተር «ታይሚንጉ ተበላሽቷል» ማለት በሽታውን ትቶ በሽተኛውን መክሰስ ነው።

6. ሲዘገይና ሲቀድም የሚታዩ ምልክቶች

ታይሚንጉ ሲዘገይ ሞተሩ ይደክማል፤ ቤንዚን ይበላል፤ እሳቱ እስከ ማርሚታው ስለሚከተል የማርሚታው ቱቦና የማስወጫው ቫልቭ ከልክ በላይ ይግላሉ።

ሲቀድም አደጋው ይብሳል። ሞተሩ ሲነሣ ፒስተኑ ወደ ኋላ ሊመታ ይችላል፤ በእግር የሚነሣ ከሆነ መርገጫው እግር ይሰብራል። በጭነት ላይ ደግሞ ማንኳኳት ይመጣል። ይኸውም እሳቱ ሳይደርስበት ጥግ ላይ የቀረው ድብልቅ በግፊትና በሙቀት ብዛት በራሱ ሲፈነዳ የሚሰማው ድምፅ ነው። በቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር እንደማንቀርቀብ ያለ ነው። ማንኳኳት ድምፅ ብቻ አይደለም። በፒስተኑ ራስ ላይ ከሙቀቱ የሚከላከል ስስ የጋዝ ሽፋን አለ፤ የፍንዳታው ማዕበል ያን ሽፋን ይገፍፈዋል። ከዚያ በኋላ አሉሚኒየሙ ይበሳሳል፤ ፋሻዎቹ የሚቀመጡበት ጠርዝም ይሰበራል። ሞተሩ ሲፈጥን ነፋሱና የማርሚታው ጩኸት ድምፁን ስለሚሸፍኑት ነጂው ሳይሰማው ሊያልቅ ይችላል። ብዙ መኪናዎች ማንኳኳትን የሚያዳምጥ ሴንሰር አላቸው፤ አብዛኞቹ ትንንሽ ሞተር ቢስክሌቶች ግን የላቸውም።

7. የማስተካከያው ቅደም ተከተል

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንዲሉ እዚህ ቅደም ተከተል ይበልጣል።

አንደኛ፣ ሌላውን አጣሩ። የካንዴላው ሁኔታ፣ የባትሪው ቮልት፣ የቫልቮቹ ክፍተት፣ የአየር ማጣሪያው፣ በመግቢያው ቱቦ ላይ አየር የሚያስገባ ስንጥቅ መኖር አለመኖሩ ይታይ። ሞተሩም እስከ መደበኛ ሙቀቱ ይሙቅ።

ሁለተኛ፣ እውነተኛውን የላይ ጫፍ አግኙ። ፒስተኑ ጫፉ አካባቢ ብዙም ስለማይንቀሳቀስ በዓይን መገመት ያሳስታል። ትክክለኛው ዘዴ ይኸ ነው፦ ባትሪውን ፈትቶ፣ ካንዴላውን አውጥቶ፣ በቀዳዳው ቫልቮቹን የማይነካ ማገጃ ማስገባት። በክራንኩ ጫፍ ላይ በዲግሪ የተከፋፈለ ክብ ሰሌዳ ይታሰራል። ክራንኩን በእጅ ቀስ ብሎ በአንድ ወገን ማዞር፣ ፒስተኑ ማገጃውን ሲነካ ማንበብ፤ ከዚያ በሌላው ወገን አዙሮ እንደገና ማንበብ። የሁለቱ እኩሌታ እውነተኛው የላይ ጫፍ ነው። ለምሳሌ አንዱ ንባብ ከዜሮ በፊት 24፣ ሌላው ከዜሮ በኋላ 32 ቢሆን እውነተኛው ጫፍ ከዜሮ በኋላ 4 ዲግሪ ላይ ነው፤ ጠቋሚው ተዛብቷል ማለት ነው። ብዙ የጃፓን ሞተሮች በሚዞረው ማግኔት ላይ ለላይ ጫፍ «ቲ»፣ ለብልጭታ ቦታ «ኤፍ» የሚል ምልክት አላቸው፤ እሱም ቢሆን በዚህ ዘዴ ቢረጋገጥ አይጎዳም።

ሦስተኛ፣ ኮምፒዩተሩ የሚለውና ሞተሩ የሚያደርገው አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ይህ ለብዙ ሰው የሚጠፋው ደረጃ ነው። ሣጥኑ በፕሮግራም የሚከፈት ከሆነ ታይሚንጉን ለጊዜው በአንድ ቁጥር፣ ለምሳሌ በ10 ዲግሪ እንዲቆም እናዘዋለን። ከዚያ ከካንዴላው ገመድ ምልክት እየወሰደ ብልጭ የሚለውን የታይሚንግ መብራት በዲስኩ ላይ እናበራለን። መብራቱ 10 ካሳየ ጥሩ ነው። 14 ካሳየ የሠንጠረዡ ቁጥሮች ሁሉ በ4 ዲግሪ ውሸት ናቸው፤ ስለዚህ በኮምፒዩተሩ ውስጥ የሴንሰሩን ቦታ የሚናገረው ቁጥር ይታረማል እንጂ ሠንጠረዡ አይነካም።

ፍተሻው በአንድ ፍጥነት ብቻ አይብቃ። በሚኒሞ ልክ ሆኖ ሞተሩ ሲፈጥን ንባቡ የሚንሸራተት ከሆነ ችግሩ የቦታ ሳይሆን የጊዜ ነው። በምልክቱ መንገድ ላይ 0.1 ሚሊ ሰከንድ መዘግየት ቢኖር በ1500 ዙር 0.9 ዲግሪ ነው፤ ማንም አያስተውለውም። በ9000 ዙር ግን 5.4 ዲግሪ ይሆናል። የማግኔት ሴንሰር ሁለቱ ሽቦዎች ተገለባብጠው ሲታሰሩም እንዲህ ያለ መንሸራተት ይታያል።

ስለ መብራቱ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ብዙ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተሮች በየዙሩ ብልጭታ ይሰጣሉ፤ አንዷ ትሠራለች፣ አንዷ በማስወጫው ምት ላይ በከንቱ ትጠፋለች። ዲግሪውን በራሱ ቁልፍ የሚያሰላ መብራት ይህን ካላወቀ እጥፍ ሊያነብ ይችላል። 20 ካላችሁ 10 ሊሆን ስለሚችል በዲስኩ ላይ የተጻፈውን ዲግሪ በቀጥታ ማንበብ ይሻላል።

አራተኛ፣ ድብልቁን አስቀድሙ። የሳሳና የወፈረ ድብልቅ የሚነድበት ፍጥነት ስለሚለያይ የነዳጁ ሠንጠረዥ ሳይስተካከል ታይሚንግ መፈለግ አሸዋ ላይ ቤት መሥራት ነው።

አምስተኛ፣ በመለኪያ ላይ በትንሽ በትንሹ ሂዱ። ሞተሩ ጉልበት በሚለካ ማሽን ላይ ሆኖ ፍጥነቱና ጭነቱ ሳይለዋወጥ ታይሚንጉ በ1 ወይም በ2 ዲግሪ ይጨመራል፤ በየጊዜውም ጉልበቱ ይመዘገባል። ለመለማመጃ ራሳችን ያዘጋጀናቸውን ቁጥሮች ተመልከቱ፦ በ24 ዲግሪ 9.6፣ በ26 ዲግሪ 9.9፣ በ28 ዲግሪ 10.0፣ በ30 ዲግሪ 10.0፣ በ32 ዲግሪ 9.9 ኒውተን ሜትር። የትኛውን እንምረጥ? «28ና 30 እኩል ናቸው፤ 30 ይሁን» የሚል አይጠፋም። ትክክለኛው 28 ነው። ደንቡ «ሙሉውን ጉልበት የሚሰጠው ትንሹ መቅደም» ነው። ያለ ምንም ትርፍ ወደ አደጋው ሁለት እርምጃ መቅረብ ምን ይጠቅማል? ጉልበቱ ጣሪያ ሳይደርስ ማንኳኳት ከተሰማ ደግሞ ወዲያው መመለስና ጥቂት ዲግሪ ርቆ መቆም ነው።

በሥራው ጊዜ የቦቢናው ቮልት ከ20,000 እንደሚበልጥ፣ የማርሚታው ጭስ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው እንደሚገድል፣ የሚዞር ነገር ልብስ እንደሚይዝ አይዘንጋ።

8. ማስተካከያ የሌለው ሞተርስ?

በአብዛኞቹ የዛሬ ሞተር ቢስክሌቶች ሣጥኑ የታሸገ ነው፤ ሴንሰሩም በማይላወስ ቦታ ታስሯል። ታዲያ አንዳንዱ ባለሙያ ነኝ ባይ ምን ያደርጋል? ማግኔቱን ከክራንኩ ጋር የምታቆራኘውን ግማሽ ጨረቃ የምትመስል ትንሽ ብረት ይሞርዳል፤ ወይም የሴንሰሩን ብሎን ቀዳዳ አስፍቶ ያንሸራትታል። ከዚያ «ተመልከት፣ አሁን ነቃ!» ይላል። በሚኒሞ እውነትም ሊነቃ ይችላል።

ነገር ግን ሂሳቡን እናስብ። ሴንሰሩ በ4 ዲግሪ ሲዞር የሚለወጠው አንድ ሣጥን ሳይሆን የሠንጠረዡ ሣጥን ሁሉ ነው። በሚኒሞ 10 የነበረው 14 ሲሆን ምንም አይጎዳም ይሆናል። በሙሉ ጭነት 30 የነበረው ግን 34 ይሆናል፤ ማንኳኳት የሚጀምረውም እዚያ ነው። ከዚህም በላይ ኢንጀክተሩ የሚረጭበት ጊዜ ከዚያው ዲስክ ስለሚቆጠር እሱም አብሮ ይዛባል። ኮምፒዩተሩም የተዋሸ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

እንግዲህ የክርክራችን ፍርድ እዚህ ላይ ነው። «አይነካም» ያሉት ጓደኞቻችን ተሳስተዋል፤ ታይሚንጉ ሊመረመርና በተገቢው መሣሪያ ሊስተካከል ይችላል። «ሁሉም ይነካል» ያሉትም ተሳስተዋል፤ ሳይለኩ መንካት ማስተካከል አይባልም። በታሸገ ሞተር ላይ የኛ ድርሻ መመርመር ነው፦ ብረቷ አልተቆረጠችም ወይ? የሴንሰሩ ብሎን አልላላም ወይ? ሴንሰሩ ከዲስኩ ያለው ርቀት ልክ ነው ወይ? ጥርሶቹ ላይ የብረት ብናኝ አልተለጠፈም ወይ?

9. ከደጋ ወደ ቆላ

በአገራችን ይህ ነገር ይበልጥ ይመለከተናል። በባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት ወደ 101 ኪሎ ፓስካል ነው። 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ግን ወደ 76 ይወርዳል፤ ሦስት አራተኛ ያህል ማለት ነው። አየሩ ስለሳሳ ሲሊንደሩ ሙሉ በሙሉ አይሞላም፤ እሳቱም ይንቀራፈፋል፤ ስለዚህ ሞተሩ በደጋ ትንሽ ተጨማሪ መቅደም ቢሰጠው ይወደዋል፣ አያንኳኳምም።

አሁን አንድ ሰው በደጋ ሆኖ በጆሮው ብቻ እየሰማ ታይሚንጉን አስቀደመ እንበል። ምንም ድምፅ የለም፤ ጉልበቱም ጨምሯል። ያው ሞተር ቢስክሌት 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳላት ጋምቤላ ቢወርድ አየሩ ይወፍራል፤ ሙቀቱም ይጨምራል። ሁለቱም ማንኳኳትን የሚጠሩ ናቸው። በደጋ የተመሰገነው ሥራ በቆላ ፒስተን ይበሳል። የአየር ግፊት ሴንሰር ያለው ኮምፒዩተር ይህን ለውጥ አይቶ ሌላ ሣጥን ያነባል፤ ብረቷ የተሞረደችበት ሞተር ግን በየትኛውም ሣጥን ላይ ያንኑ ውሸት ይዞ ይሄዳል። ከመካከላችን ነገ ከደጋ ወደ ቆላ የሚመደብ፣ ከጤና ጣቢያ በብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ በአንድ ሞተር ቢስክሌት የሚተማመን ሰው ስለሚኖር ነገሩ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

10. በክፍል ውስጥ እንዴት እናስተምረው?

ሞተር የሌለው ትምህርት ቤት ይህን ትምህርት ማስተማር አይችልም የሚል ካለ አንስማማም። አንድ ቢስክሌት ገልብጦ ማቆም ይበቃል። በጎማው ላይ በጠመኔ በየ10 ዲግሪው 36 ምልክት ይደረግ፤ አንዱ ምልክት ወፈር ይበል። አንድ ተማሪ ጎማውን ያዙር። ሁለተኛው «አሁን!» ይበል። ሦስተኛው ዓይኑን ጨፍኖ ድምፁን ሲሰማ ያጨብጭብ። ዓላማው ጭብጨባው ወፍራሙ ምልክት በሹካው ፊት ሲያልፍ እንዲውል ነው።

ሰው ድምፅ ሰምቶ እስኪያጨበጭብ 0.2 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ጎማው በ4 ሰከንድ አንድ ዙር ከዞረ በሰከንድ 90 ዲግሪ ነው፤ ስለዚህ «አሁን!» የሚባለው 18 ዲግሪ አስቀድሞ ነው። በ2 ሰከንድ አንድ ዙር ከዞረ 36 ዲግሪ አስቀድሞ ይሆናል። የተማሪው እጅ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ፍጥነቱ ነው። የምትጮኸው ድምፅ ብልጭታዋ ናት፤ ጭብጨባው ግፊቱ ነው። ተማሪዎቹ ቁጥሩን ራሳቸው በሠንጠረዥ ሲጽፉ ኮምፒዩተሩ የያዘው ሠንጠረዥ ከየት እንደመጣ ያለ ብዙ ንግግር ይገባቸዋል።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

ሀ. ሞተሩ በደቂቃ 4500 ዙር ሲዞር ክራንኩ በአንድ ሚሊ ሰከንድ ስንት ዲግሪ ይዞራል? በምልክቱ ላይ 0.2 ሚሊ ሰከንድ መዘግየት ቢኖር ስሕተቱ ስንት ዲግሪ ነው?

ለ. በማገጃው ዘዴ አንዱ ንባብ ከዜሮ በፊት 30፣ ሌላው ከዜሮ በኋላ 24 ቢሆን እውነተኛው የላይ ጫፍ የት ነው?

ሐ. ታይሚንጉ በኮምፒዩተሩ በ10 ዲግሪ ታስሯል። መብራቱ በ1500 ዙር 9፣ በ6000 ዙር 6 አሳየ። ሴንሰሩ ቦታውን ስቷል ወይስ ምልክቱ ዘግይቷል?

መልስ፦ ሀ. 27 ዲግሪ፤ 5.4 ዲግሪ። ለ. ከዜሮ በፊት 3 ዲግሪ። ሐ. ምልክቱ ዘግይቷል፤ 1ን ለ9 እና 4ን ለ36 ብናካፍል ሁለቱም 0.11 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይሰጣሉ። ሴንሰሩ ቦታውን ስቶ ቢሆን ኖሮ ስሕተቱ በሁለቱም ፍጥነት እኩል በሆነ ነበር።

ውድ ጓደኞቻችንና መምህራኖቻችን፣ ያልተስማማችሁበት ወይም የምትጨምሩት ነጥብ ካለ በወረቀት ጽፋችሁ ከዚህ ጽሑፍ ሥር ለጥፉልን። በተለይ የቢስክሌቱን ጎማ ሙከራ የሚሞክር ቡድን ያገኘውን ቁጥር ቢያመጣልን ከኛ ቁጥር ጎን እናወጣዋለን።